እንጀራው አልወርድ አለኝ

የደብዳቤው ፍሬ ነገር፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳር ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የዛሬ ሰባት ሳምንት ኢስታንቡል ሄጄ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ተመለስኩ። መጀመሪያ 11 ኪሎ ቀነስኩ፤ አሁን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። እናቴ አቅም ያጣሁት ስላልበላሁ መስሏት ጠዋት ማታ አጥሚትና ገንፎ ትሠራልኛለች። እንጀራ ስሞክር ደረቴ ላይ ይቆማል፤ በሳምንት አራት አምስቴ ያስመልሰኛል። ስነሳ ያዞረኛል፤ የደም ግፊት ክኒኔን አላቋረጥኩም። ፍልሰታን መጾም እችላለሁ? ጸጉር ይረግፋል የሚሉትስ እውነት ነው? ከባለቤቴና ከእናቴ በቀር ቀዶ ሕክምና ማድረጌን የሚያውቅ የለም፤ ዘመድ ቤት ስሄድ ከጉርሻው እንዴት እንደማመልጥ ጨንቆኛል።»

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽ በሚዛኑ ጀምሮ ማስመለሱን በመሃል ጠቅሶት አልፏል። እኛ የምንጀምረው ግን ከማስመለሱ ነው። ሚዛኑ ሁለት ሳምንት ቢቆም ምንም አትሆኚም፤ ሁለት ሳምንት ማስመለስ ግን ይጎዳሻል።

«ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ማስመለሱ አይቀርም» የሚልሽን አትስሚ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ የሚጠበቅ ነው። በሰባተኛው ሳምንት በሳምንት አራት አምስቴ ሲሆን ግን ምክንያት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አበላል ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የቀረው ጨጓራ መጥበብ። ሁለቱን መለየት አይከብድም። በጎረስሽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረትሽን ተጫነሽ፣ አፍሽ በምራቅ ሞላ፣ ከዚያ የጎረስሽው ሳይፈጭ ከዝልግልግ አረፋ ጋር ተመልሶ ወጣና ቀለል አለሽ እንበል። ይህ ተቀርቅሮ የነበረ ምግብ ነው፤ አበላልሽን ስታስተካክይ ይተውሻል። ውሃና ቀጭን ሾርባ ሳይቀር የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ያለችግር የበላሽው ዛሬ አልወርድ እያለ ከመጣ ግን አበላል ብቻ አይደለም። ጨጓራው ጠቦ ወይም ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ መታየት አለበት። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አልረጋልሽ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ መሽቷል፣ እሑድ ነው አትበዪ።

እንዲህ የምንቸኩለው በቪታሚን ቢ1 ምክንያት ነው። ሰውነት የሚያጠራቅመው ቢ1 ከሁለት ሦስት ሳምንት አያልፍም። ትንሽ የሚበላ፣ በዚያ ላይ የሚያስመልሰው ሰው ያችኑ በቶሎ ይጨርሳታል። እግር ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላል፤ ሲራመዱ ያንገዳግዳል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሰውየው ይረሳል፣ ይቀባዥራል። እስከዚያ ከተደረሰ በኋላ ቢታከምም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ የተለየ ስጋት አለ፤ አስመልሶት አቅም አጥቶ ክሊኒክ ለገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰቀልለት ጉሉኮስ ነው። ቢ1 ባለቀበት ሰውነት ውስጥ ስኳሩ ሲገባ የቀረችውን ቢ1 አሟጦ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ባለቤትሽም እናትሽም ይህን አንድ ነገር ይወቁ፤ «ጨጓራዋ በቀዶ ሕክምና ተቀንሷል፣ ሲያስመልሳት ሰንብቷል፣ ከጉሉኮሱ በፊት ቢ1 ይሰጣት» ይበሉ። ጽፈሽ ከመታወቂያሽ ጋር ያዢው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ስትቀርቢም ማስመለሱ እስኪቆም በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ቢ1 እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ።

ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከሁለቱም። አንዱ የውሃ ማነስ ነው። ሁለተኛው ክኒንሽ ነው፤ የታዘዘው 11 ኪሎ ከመቀነስሽ በፊት ለነበረው ሰውነትሽ፣ ያኔ ለነበረው አበላልሽ ነው። ግፊትሽን ተቀምጠሽ ለኪ፤ ከዚያ ቆመሽ ከአንድ ደቂቃና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ድገሚ። የላይኛው ቁጥር ስትቆሚ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ከ100 በታች ከሆነ፣ ለሐኪምሽ በዚያው ቀን ደውዪ። ውሃ የሚያሸናው ዓይነት ክኒን ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትዪ ጠይቂ። በራስሽ ግን አታቋርጪ። (ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ አንባቢዎችም ልብ በሉ፤ የእናንተ መጠን ከግፊት ክኒኑም ቀድሞ መከለስ ያለበት ነው።)

አሁን ወደ እንጀራው። በስሊቭ ከጨጓራሽ አራት አምስተኛ ገደማው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ሙዝ የሚመስል ጠባብ ቱቦ ነው፤ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊሊትር ነው፤ እንደ ልብ ይለጠጥ የነበረውም ክፍል ከተቆረጠው ጋር ሄዷል። እንጀራ እዚህ ላይ ያታልላል። ለስላሳ ስለሆነ ማንም አያኝከውም፤ በወጥ ርሶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሦስቴ ከተላመጠ ይዋጣል። ከደረት በታች ሲደርስ ግን እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ይቆማል። ትኩስ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ብዙዎችን የሚያስቸግሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የእናትሽ ገንፎም ከዚያው ወገን ነው። ጥብስ፣ በድጋሚ የሞቀ የዶሮ ደረትና የጎመን አገዳ ደግሞ በጥርስ ካልላሙ ቃጫቸው አይበጠስም።

ስለዚህ እንጀራን ቢያንስ ሦስተኛው ወር እስኪያልፍ ተዪው። አሁን ያለሽበት ጊዜ ለስላሳ ምግብ የሚበላበት፣ ወደ መደበኛው ቀስ ተብሎ የሚሻገሩበት ነው። በአሥረኛው ቀን ሾርባ፣ በአምስተኛው ሳምንት እንቁላል ስለተስማማሽ በሰባተኛው እንጀራ ይስማማል ማለት አይደለም። ስትጀምሪ ከምግቡ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ መጀመሪያ ዓሣው ወይም ምስሩ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ ቦታ ከተረፈ መዳፍሽን የማትሞላ ቁራጭ እንጀራ። ምጣድ ላይ ደርቆ ኩርሽም የሚለው ከለስላሳው ለብዙዎች ይሻላል፤ ማኘክ ግድ ይሆናልና።

አበላሉ ራሱ ልምምድ ይጠይቃል። ትሪው ይቅርና በሲኒ ማስቀመጫ ብዪ፤ በሻይ ማንኪያ። ለአንድ ጊዜ የሚበቃሽ በግምት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል የቡና ሲኒ ነው። ጉርሻሽ ሽምብራ የሚያህል ይሁን፤ ከ20 እስከ 25 ጊዜ አኝኪው፤ ማንኪያውን አስቀምጪ፤ ቀጣዩን አንሺ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ምግቡ ባያልቅም ይነሳ። ጨጓራሽ እንደ ድሮው «ጠገብኩ» ብሎ አይነግርሽም፤ ምልክቱ ሌላ ነው። አንዳንዷን ስቅ ይላታል፣ አንዳንዷን ያስነጥሳታል፣ የአንዳንዷ አፍንጫ ውሃ ያወጣል፣ ደረት ሥር ትንሽ መወጠር ይመጣል። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለሁለት ቀን ብቻ ልብ ብትዪ ታውቂዋለሽ። እሱ ሲመጣ ማንኪያው ላይ ያለችውንም መልሺያት፤ ተመልሳ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ያቺ የመጨረሻዋ ናት።

መጠጥና ምግብ አይገናኙ። መብላት ስትጀምሪ መጠጣት ይቁም፤ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ያስፈልግሻል፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ሲኒ በምትሞላ ጨጓራ የሚገባው ቀኑን ሙሉ ፉት እየተባለ ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዘሽ አንዱን እስከ ምሳ፣ ሁለተኛውን እስከ 11 ሰዓት፣ ሦስተኛውን እስከ መኝታ ጨርሺ። ሽንትሽ ደፍርሶ ከጠቆረ አልጠጣሽም ማለት ነው። አምቦ ውሃና ለስላሳ ጋዝ ስላላቸው ይነፋሉ፤ ይቆዩ። ቡና አንድ ሲኒ፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን፣ ማስመለሱ ካቆመ በኋላ ትችያለሽ። የቡና ቁርሱ ነው የባሰው፤ ቆሎና ፈንዲሻ ለእነዚህ ወራት ይቅሩ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትከልክያት፤ ሥራ ስጫት። ታሞ የተነሳን ሰው በአጥሚት ማጠንከር የምታውቀው ፍቅር ነው። ችግሩ አጥሚት ሳያጠግብ ሸርተት ብሎ መውረዱ ነው፤ ማርና ቅቤ ከገባበት አቅም ሳይሆን ኪሎ ይሰጥሻል። ጣፋጩ በዝቶ በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ደግሞ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ያስቀምጣል። ይህ ባይፓስ በሚባለው ሌላው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ይብሳል፤ በስሊቭም ይከሰታል። ያለ ማር በወተት ታቅጥነው፤ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ትጨምርበት። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ምስር አሽታ፣ ዓሣ በአልጫ ቀቅላ፣ አይብ ብታዘጋጅልሽ ነው። በርበሬው ለጊዜው ይቀነስ፤ ቆይተሽ በቁንጥር ትሞክሪዋለሽ።

ማወቅ ያለባት አንድ ቁጥር አለ፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን። ካልሞላ ሰውነት ከስብ ይልቅ ጡንቻ ይበላል፤ ድካሙም ከዚያ ነው። እንዲህ ሊሞላ ይችላል፦ ጠዋት ለስለስ ተደርጎ የተጠበሰ አንድ እንቁላል 6 ግራም፤ ረፋዱ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ከሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት ጋር 12 ገደማ፤ ለምሳ 50 ግራም ዓሣ ወይም በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ 12 ገደማ፤ ከሰዓት ትንሽ እርጎ 5፤ ማታ ጥቂት ምስር ወይም ሽሮ ከ50 ግራም አይብ ጋር 12 ገደማ። ይህ 47 ነው። ቀሪውን ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ያለው አንድ ማንኪያ የፕሮቲን ዱቄት በወተት ወይም በውሃ ተበጥብጦ ይሸፍነዋል። ክትፎ ካማረሽ ለብለቡም ጥሬውም አሁን ጊዜው አይደለም።

ፍልሰታን የዘንድሮውን እንዳትጾሚ እንመክርሻለን፤ 15 ቀን ቢሆንም። ሁለት ነገር ይከለክላል። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት እንኳን ለአንቺ ጨጓራው ላልተቆረጠ ሰውም ከባድ ነው፤ ያለፈሽውን በሁለት ብርጭቆ መተካት አትችይም። ሁለተኛው ስሌት ነው። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ 60 ግራም ለመሙላት ከ650 ግራም በላይ ምስር መብላት ይኖርብሻል፤ የት ታስገቢዋለሽ? ለንስሐ አባትሽ እንዳለ ንገሪያቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታቀላለች። ከዓመት በኋላ የደም ምርመራሽ ደህና ከሆነ በሽሮ፣ በአኩሪ አተርና በአትክልት ፕሮቲን ዱቄት የሚጾሙ አሉ።

ሚዛኑ የቆመበት ምክንያት ይኸውልሽ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወጣው ኪሎ ብዙው ስብ አልነበረም። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃው አብሮ ሄደ፤ ሚዛኑም ተንደረደረ። ሰውነት ውሃውን ሲያስተካክል ስቡ እየቀነሰ እንኳ ቁጥሩ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ባለበት ይቆማል። የሆድ ድርቀትም ይጨምርበታል፤ ለእሱ የተልባ ውሃ ጥሩ ነው፣ ከመድኃኒት ሰዓት አርቀሽ። በሳምንት አንዴ ብቻ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከሽንት በኋላ ተመዘኚ። ከዚያ በተረፈ ሚዛኑ አልጋ ሥር ይግባ። ምግብ ቀንሰሽ «ለማስነሳት» እንዳትሞክሪ፤ የምትቀንሺው ፕሮቲኑን ነው። መቀነሱ ከ12 እስከ 18 ወር ይቀጥላል፤ ገና በሁለተኛው ወር ነሽ።

ጸጉር ይረግፋል፤ እውነት ነው። በሦስተኛው ወር አካባቢ ይጀምርና እስከ ስድስት ወር ሊቀጥል ይችላል። ሥሩ ስላልሞተ ተመልሶ ይበቅላል፤ ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ካልጎደለ። ለጸጉር እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲን ላይ ገንዘብ አታባክኚ። በእነዚህ ወራት ጠበቅ ያለ ሹሩባ ግን አትሠሪ።

ቪታሚኑን ጸጉር ሲረግፍ የሚታወስ አታድርጊው፤ የዕድሜ ልክ ነው። የተቆረጠው ክፍል አሲዱንና ቢ12 እንዲመጠጥ የሚረዳውን ንጥረ ነገር ያመነጭ የነበረው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከቁርስ ጋር ሙሉ መልቲቪታሚን። ካልሲየም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ነው፤ በአንዴ ከ500 እስከ 600 በላይ አይመጠጥምና በ5፣ በ9 እና በ12 ሰዓት ከፋፍዪው። ሲትሬት የሚለው ይመረጣል፤ ያገኘሽው ካርቦኔት ከሆነ ከምግብ ጋር ውሰጂው፣ አሲድ ይፈልጋልና። ብረት ለአንቺ፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት፣ ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም ነው። ክኒኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ያሳስታል፤ 325 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ብረት 65 ብቻ ነው። ማታ 3 ሰዓት ይሁን፤ ከካልሲየም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራቅ፣ ከቡናና ከሻይም እንዲሁ። ቢ12 በየቀኑ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮግራም በአፍ፣ ወይም በወር አንድ ባለ 1000 መርፌ። ቪታሚን ዲ በቀን 3000 ዩኒት፤ ከምርመራ በኋላ ይስተካከላል። ከኢስታንቡል የታዘዘልሽን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ፣ ኦሜፕራዞል፣ እስከተባለው ቀን ጨርሺ። ራስ ምታት ሲመጣ ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይነኩ፤ ጨጓራ ያቆስላሉ። ቶሎ የከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊይዘው ስለሚችል፣ ለስድስት ወር የሚወሰደው ኡርሶዲዮል ለአንቺ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ።

አሁን ዘመድ ቤት። ቀዶ ሕክምናውን ለማንም የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ መዋሸትም አያስፈልግሽም። «ጨጓራዬን እየታከምኩ ነው፤ ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ ብዪ ብሎኛል» በዪ። ቃል በቃል እውነት ነው፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ «ጨጓራ አለብኝ» ያለን ሰው ማንም አያፋጥጠውም። በርበሬውንም፣ ቡናውንም፣ ጠላውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፊያለሽ። (ጠላና ጠጅ ከእንግዲህ ከድሮው ይልቅ ቶሎ ራስ ላይ እንደሚወጡ ቁጠሪ፤ ለአሁኑ ጨርሶ ይቅሩ።) ለጉርሻው የሚሠራው ቀድሞ ማጉረስ ነው። ከትሪው ስትቀርቢ እትዬን አጉርሺ፣ ጋሼን አጉርሺ፤ የሚያጎርስ ሰው ምን ያህል እንደበላ አይታይም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ይዘው ለሚጠብቁሽ፣ በእጅሽ ተቀብለሽ «ቀስ ብዬ እበላዋለሁ» በዪና ጫፏን ብቻ ቅመሺ። ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ ማለታቸው አይቀርም፤ «ሐኪም ይዞኛል፣ ደህና ነኝ» ይበቃል።

ባለትዳር ስለሆንሽ አንድ ያልጠየቅሽውን እንጨምር። ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና አይመከርም፤ አንቺ ራስሽ ገና ስላላገገምሽ የጽንሱ ምግብ ይጎድላል። ኪሎ ሲቀንስ ግን ተዛብቶ የነበረ የወር አበባ ሊስተካከልና እርግዝና ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። ማስመለስ ባለበት በአፍ የሚወሰድ የወሊድ መከላከያ ክኒን አስተማማኝ አይደለም፤ በክንድ ስለሚቀበረው ወይም ስለ ሉፕ ከባለቤትሽ ጋር ሄዳችሁ ጠይቁ።

ኢስታንቡል ያለው ሐኪም በስልክ ቢመልስልሽም ሆድሽን አይነካም። እዚህ አንድ የውስጥ ደዌ ወይም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያዢ፤ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ አስልከሽ ፋይልሽ ውስጥ ይግባ። በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ፣ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቪታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ስኳር ይታይ። ከቀጠሮ ውጭ ወዲያው የሚያስኬድሽ ደግሞ ይህ ነው፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ተቀምጠሽ ከ120 በላይ የልብ ምት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ የአንድ እግር ባት ብቻውን ማበጥና ማመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ። ከስፌቱ የሚያፈስ ጨጓራ ከሳምንታት በኋላም ስለሚያጋጥም «ጊዜው አልፏል» ብለሽ አትቆዪ።